መሪጌታ የሚያውቁት ጢስ ዓባይ

ዘመኑ የደርግ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ የመኪናችን ቀለም ግን ጠፍቶብኛልና ይቅር በሉኝ። ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ ያላዩትን አገር ካዩት ሰዎች አብልጠው የሚተርኩ ሊቅ አላጋጠሙዎትም? እኛ ቤት አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ጢስ ዓባይን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያወርዱታል።

አባቴ ሦስቱን ትውልድ ከነድንኳኑ ጭኖ ከባሕር ዳር ወጣ። እንደ ደረስን አያቴ በመቋሚያቸው ከፏፏቴው ፊት ለፊት ያለውን ሣር አመለከቱ።

«እዚህ ትከሉ። ጢሱ ዐይን ይሞላል እንጂ ልብስ አያርስም።»

መሪጌታን ማን ያርማል? ተከልን። ከኖኅ ወዲህ እንደ እኛ የራሰ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም፤ ዳቦው ገንፎ ሆነ፤ ድንኳኑም በላያችን ተኛ።

ሴት አያቴ ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ «መሪጌታ፣ ለመሆኑ መጥተው ያውቃሉ?» አሉ።

የአርባ ዓመት መምህርነት በዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። አያቴ ወደሚወርደው ውኃ ቀና አሉና ጥምጣማቸውን አወለቁ።

«የለም፤ የሰማሁትን ነበር የማስተምር። ዛሬ ገና አየሁት፤ የተናገርሁት ሁሉ አነሰበት።»

ከውኃውና ከሽማግሌው የትኛው እንዳስደነቀኝ ዛሬም አልለየሁም።

ከዓመታት በኋላ አባቴን ጠይቄ ያረጋገጥሁት ግን፣ እሱ ቀደም ሲል ከፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር እዚያው ሣር ላይ ሁለት ጊዜ ድንኳን ተክሎ ሁለቴም መራሱን ነው።