አንድ ማንኪያ፣ አንድ ጤና

የጤና ባለሙያ ሁሉ ባለሙያነቱ እስከ ሕማማት ሳምንት ድረስ ነው። ጓዳው ውስጥ ለፋሲካ የታሰረ አውራ ዶሮ ካለ፣ ያን ሳምንት የሚያስበው በሆዱ ነው። አይደለም የምትሉ ካላችሁ ጾሙን በደንብ አልጾማችሁም።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። እንጀራዬም ሰውን «እጅህን ታጠብ» እያሉ ማሰልቸት ነው። ዘንድሮ ጾሙ ሊያልቅ ሲል «አንድ ጤና» የሚባል ሥልጠና ወሰድኩ። የሰው፣ የእንስሳና የአካባቢ ጤና የተያያዘ ስለሆነ ሐኪሙም፣ የእንስሳት ሐኪሙም፣ የአፈርና ውኃ ባለሙያውም አብረው ይምከሩ ነው ነገሩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሰብለ ስሰብክ ሰነበትኩ። እሷስ ለምዳኛለች፤ ከልባቸው ያዳመጡኝ እናቷ ናቸው።

አማቴ እትዬ ጥሩነሽ በዓሉን ከእኛ ጋር ሊውሉ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ መጥተዋል። ለበዓሉ ብለው ያሳደጉትን ቀይ አውራ ዶሮ መኪና ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያመጡት። ደረቱን ነፍቶ ሲገባ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ምራቄን ዋጥኩ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሽሮ በልቼ... እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

ሰኞ ዶሮው አንገቱን ደፋ። ማክሰኞ እኔን ጉንፋን ጣለኝ። እትዬ ጥሩነሽ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠው፣ ሎሚና አረቄ ጨምረው በጠበጡ። የዶሮውን አፍ ፈልቅቀው በማንኪያ አጠጡት። ከዚያ ማንኪያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይክፈቱ እንግዲህ» አሉኝ። እንደ አገሩ ደንብ አማች ነኝና አንቱ ነው የሚሉኝ። አንቱ እየተባለ በዶሮ ማንኪያ የታከመ ሌላ ሰው ካለ እንተዋወቅ።

«እትዬ፣ ይሄ ማንኪያ እኮ አሁን...»

«አንድ ጤና ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

አፌን ከፍቼ ዋጥኩት።

ረቡዕ ወዳጄን ደሳለኝን ጠራሁት፤ የእንስሳት ሐኪም ነው። ዶሮውን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ፈንግል ነው። መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱም ቀድሞ ነበር። ከጎረቤት ዶሮዎች አርቀህ ያዘው፣ ያለዚያ መንደሩን ይጨርሳል። ሲሞት ጠለቅ አድርገህ ቅበረው።»

«ሳይሞት ቢታረድስ?» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በሕማማት? ማን ሊበላው?»

ጉዴ ፈላ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዶሮ ገና ሲያዛጋ ቢላዋ የሚስል ሕዝብ ነን። አሁን ግን ይሄ ዶሮ የግድ እስከ ቅዳሜ ማታ በሕይወት መቆየት አለበት። እኔና አማቴ ተፈራርቀን አስታመምነው። እኔን ራሴን ልጅ ሆኜ እንዲህ ያስታመመኝ ሰው አላስታውስም።

ዓርብ ስግደት ዋልን። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር የማስበው፣ ይቅር ይበለኝ፣ ዶሮውን ነበር። ስንመለስ እግሩን ዘርግቶ ጠበቀን። እትዬ ጥሩነሽ «ለልጄ ቤት ብዬ ያሳደግኩት» ብለው አለቀሱ። እኔም አዘንኩ፤ ሐዘኔ ግን ለወጡ ነበር።

ቀረ ቀብሩ። ሥልጠናው ላይ «የሞተ እንስሳ እንዴት ይቀበራል?» ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አውጥቼ «ጠልቆ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተጠቅጥቆ» ያልኩት እኔ ነኝ። ተጨብጭቦልኛል። ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ወገብ ግን ሥልጠና አልወሰደም። ጓሮውን ጫር ጫር አድርጌ አፈር አለበስኩትና ገብቼ ተኛሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሽሮ በቅቤ ቀርቦልን እጃችንን ስንታጠብ፣ ጎረቤታችን መሪጌታ በር ላይ ቆሙ።

«እንኳን አደረሳችሁ። ውሻዬ ይሄን ቀይ ላባ ከወዴት አምጥቶ ነው በየደጁ የሚዘራው?»

ወጥተን አየን። ውሻው የእኛን ዶሮ በአፉ እንዳንጠለጠለ ነው። የመንደሩ ዶሮዎች ደግሞ ተሰልፈው ላባውን እየጫሩ ይከተሉታል።

ደሳለኝ ተጠርቶ መጣና አካፋ አስያዘኝ። ሰዉ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ዶሮ ወጡን ሲበላ፣ እኔ ላባ ስለቅምና የሰው ዶሮ ሳባርር ረፈደ። ከየቤቱ የሚመጣው የወጥ ሽታ ለብቻው ቅጣት ነው። በመጨረሻ ጓሮው ውስጥ ጉልበቴ ድረስ ጉድጓድ ገብቼ ስቆፍር፣ እትዬ ጥሩነሽ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከንፈሩን እየላሰ የተኛውን ውሻ አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«እንስሳው እንኳን በዶሮ ገደፈ» አሉ፣ «የሰውየው ተራ መቼ ነው?»