የማትዘቅጠው ትርሲት

ትርሲት ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ ምርምሯን የምታቀርብበትን ተራ ስትጠብቅ፣ አዳራሹ ውስጥ ሸለብ አደረጋትና ሕልም አየች። ምን ዓይነት ሕልም! ለጠላት እንኳ አይስጥ።

በሕልሟ ቤተ ሙከራው ተገልብጦ ነበር። ጠርሙሶቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ይንጎራደዳሉ፤ ተመራማሪዎቹ በየብልቃጡ ተከድነው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ራሷ የሠራችው ፕላስቲክ እጅና እግሯን የፕላስቲክ ጥንካሬ በሚለካበት መጎተቻ ማሽን ላይ ጠፍሮ ይስባት ጀመር።

«ጠንካራ ነሽ?» አላት።

«እስካሁን አልተበጠስኩም።»

«እሱ መልስ አይደለም።»

ይኼኔ ግራፊኖቹ እየተንጫጩ መጡ፤ ፕላስቲኩን እንዲያጠነክሩ የጨመረቻቸው፣ በዓይን የማይታዩ ስስ የካርቦን ቅጠሎች ናቸው። «በትኝን ብንልሽ መች ሰማሽን! ዘመድ ከዘመዱ ተጣብቀን ታች ቀረን!»

እውነታቸውን ነው። ቅጠሎቹ ፈሳሹ ድብልቅ ውስጥ ካልተለያዩ ይጓጉላሉ፤ ከጓጎሉ ይዘቅጣሉ፤ ፕላስቲኩም አይጠነክርም። ትርሲት ግን በምርምሯ «ድብልቁ ሳይዘቅጥ ሰነበተ» ብላ ጽፋለች። በየጠዋቱ ፎቶ ከማንሳቷ በፊት፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ተልባ እንደሚማሰል፣ የድብልቁን ጠርሙስ ነቅነቅ ታደርገው ነበር። በሕልሟም ሐፍረት ፊቷን አቃጠላት።

ጋዋን የለበሱት ጠርሙሶች ብልቃጥ ውስጥ ከተቷትና «የማትዘቅጥ» የሚል ወረቀት ለጠፉባት። ወዲያው ቁልቁል ሰመጠች። ካሜራ የያዘው ጠርሙስ «ነቅንቋት!» ባለ ቁጥር ትነቀነቅና ብቅ ትላለች፤ ካሜራው ብልጭ ይላል፤ መልሳ ትሰምጣለች። አባቷ አቶ ደርቤ ከመደርደሪያው ሥር ቆመው ያጨበጭባሉ።

«የኔ ልጅ እኮ አትዘቅጥም!»

«አባዬ፣ እዘቅጣለሁ!» ልትል አፏን ስትከፍት ጥቁር ውሃ ሞላው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ከሥሯ የብልቃጡ ቂጥ እንጂ መሬት አልነበረም።

«ትርሲት! ተነሺ፣ ተራሽ ደርሷል።»

አማካሪዋ ዶክተር ሀብተየስ ነበሩ። የድብልቁን ጠርሙስ ይዘዋል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፣ ዝቃጭ የሚባል የለበትም። አባቷ ከገጠር የመጡበትን ሙሉ ልብስ እንደለበሱ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

«ዶክተር፣» አለች ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «ጠርሙሱን እኮ እኔ...»

«አይዞሽ፣ አሁን ነቅንቄልሻለሁ። ብቻ ቶሎ ጨርሺ።»

«ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው አማካሪ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ታዲያ እኔስ በምን የተመረቅሁ ይመስልሻል?»

አባቷ ማጨብጨብ ጀመሩ።