ባንታምላክ የመስታወቱን ቱቦ ከገዳሪፍ ዶካ በደኅና ያደረሱበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ ፊተኛው ቱቦ ከተሰበረ ወዲህ፣ ሰሊጡ ከአውድማ ገብቶ ሳለ፣ በሱዳን ምድር የዶካ ዘይት መጭመቂያ ጠባቂ፣ የመተማው ተወላጅ ገናናው ባንታምላክ ወደ ገዳሪፍ ዘመቱ። የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው፤ ዘይቱ በማሽኑ ውስጥ የት እንደ ደረሰ የሚታይበትን የመስታወት ቱቦ እሳቸው ራሳቸው ከሰሊጥ ጆንያ በታች ጭነው አድቅቀውት ነበርና፣ የመጭመቂያው እመቤት ሳፊያ በዶካ ገበያ ፊት እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «ሁለተኛው ከተሰበረ ባንታምላክ ወደ አገሩ ይግባ!» ጀግናውም ፈሩ፣ ምን ይደበቃል፤ ሚስታቸውን እናትነሽን ገና ማስመጣታቸው ነው፣ የከደኑላት ጎጆ ሣሩ እንኳ አልደረቀም ነበርና።

ወእምዝ አዲሱን ቱቦ በጥጥ ጠቅልለው፣ በጥጡ ላይ የገዛ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሣጥኑን በሰሊጥ ገለባ ሞልተው፣ ቱቦውን በመካከል አቁመው ወደ ሎሪው ቀረቡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ሹፌሩ ዮኒ፤ የጫኚዎቹ አለቃ ይታያል ከነሲጋራው፤ ወርቅውሃ ከነዶሮዎቿ፤ ደግሞም ጭነት ወርውሮ በላዩ መተኛት የለመደ፣ ከጎንደር ቆላ ትናንት የገባ የቀን ሠራተኛ ሁሉ። ባንታምላክም መስታወት መሆኑን በገበያ በለቀሟት ዐረብኛ አወጁ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ጊዛዝ ነው! ጊዛዝ!»

ሠራዊቱ ግን የሰማው «ጋዝ» ነው። ወይ ጉድ! ይታያል ሲጋራውን በምራቁ አጠፋ፣ ወርቅውሃ ዶሮዎቿን ሰብስባ ሸሸች፣ ሣጥኑን አራት ሆነው እንደ ሕመምተኛ ወደ ሎሪው አወጡት፣ የሚተኛበት ቀርቶ የሚደገፈው ጠፋ፣ ዮኒም በየጉድጓዱ አራስ እንደ ጫነ ሰው ቀስ አለ። ጀግናው ስሕተቱን አወቁ፤ አላረሙም። ዶካ ደርሰው፣ መካኒኩ እስኪመጣ ሣጥኑ በመጋዘን በተቀመጠ ጊዜም ሁለተኛ አዋጅ አወጡ፦ «ክብሪት የያዘ ወደዚህ አይጠጋ!» አካፋና ጆንያ ሲወረውር የሚውለው ሁሉ በሩቁ ዞረ።

በማግስቱ ቱቦው ተገጠመ፤ ዘይቱም በመስታወቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሳፊያም እልልታዋን አቅልጣ፦ «ባንታምላክ ከዶካ አይነቃነቅ!» ስትል አወጀች፤ በገዛ እጇም ሻይ ቀድታ ሰጠቻቸው። ጀግናውም እጅ ለመንሣት ጎንበስ ሲሉ፣ ብርጭቆው ወድቆ እንክትክት አለ። ጋዝ ነው ብሎ የጮኸለት አልነበረማ! እናትነሽም እየሳቀች ስብርባሪውን ጠረገች፤ ቤቷ ዶካ ነውና።

ሞገስ ለባንታምላክ፣ ለመስታወት ጋሻ፣ ለገለባ ጌታ፣ ስለ ቱቦ ሕይወት ብርጭቆ ለሠዉት!