የቲቸር ወርቅቱ ትልቅ O

በየሰፈሩ ለሌላው ሁሉ የሚፈራ አንድ ሰው ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም፤ ቀበሌ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ቢሆን ኖሮ ቦታው እስካሁን ክፍት ነበር። እኔና እናንተ ተዝናንተን የምንውለው ይህ ሰው ስለ ጋዝ ሲሊንደሩ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ ጎርፉ ቀድሞ ስለሚጨነቅልን ነው።

ቡራዩ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ሥልጣኑን የያዙት ክብርት የሥጋት ሚኒስትር ቲቸር ወርቅቱ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ በበጋም በክረምትም ዣንጥላ ከእጃቸው የማይለይ የአፀደ ሕፃናት መምህርት፤ የልጄ የጂጂ አስተማሪ። አንድም ዓረፍተ ነገር «አያድርገውና» ሳይሉ አይጀምሩም። «አያድርገውና ባጃጁ ቢገለበጥ!» «አያድርገውና ይሄ ደመና በረዶ ይዞ ቢሆን!» አንድ ቀን በር ላይ አግኝቻቸው፣

«እንደምን አደሩ ቲቸር?» ብላቸው፣

«አያድርገውና፣ ደህና ነኝ» አሉኝ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ሕፃናቱ ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት እርሳስ ከመጨበጣቸው በፊት በጨዋታ፣ በእጃቸው እየሠሩ ይማሩ አለ። ቲቸር ወርቅቱ ትእዛዙን ተቀበሉ፤ ወዲያውም ፈሩት። ቆርኪ ደርድሮ A መሥራት? አያድርገውና ይዋጣል። ጠጠር? አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ባቄላ? ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያብጣል። ብዙ ካሰቡ በኋላ ድንች መረጡ። ድንች በየትኛውም ሕፃን ጉሮሮ አያልፍም። እናም የኛ ሰፈር ልጆች ቦርሳቸው ውስጥ ድንች ይዘው ይማራሉ፤ ድንች ደርድረው ፊደል ይሠራሉ፤ ከዚያ በቀርከሃ ዱላ አሸዋ ላይ እየጎተቱ ይጽፉታል። የዱላው ጫፍ ዓይን እንዳይወጋ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

የሴትየዋ ረቂቅ ችሎታ ግን ወዲህ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ወደ አንድ አደጋ ለወጡት። A ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመ መሰላል ነው፤ ከሥሩ አይታለፍም። C አፉን የከፈተ ጅብ ነው። S እባብ መሆኑን ማንም አይከራከርም። T የመብራት ምሰሶ ነው፤ በዝናብ ቀን አይነካም። ፊደሎቹ ለእንግሊዝኛም ለኦሮምኛው ቁቤም ያው ስለሆኑ፣ ክብርት ሚኒስትሯ በአንድ ፍርሃት ሁለት ቋንቋ ያስተምራሉ።

«የኛ ሀ እኮ ትልቅና ትንሽ የለውም» አልኳቸው ለወሬ ያህል። «ይሄን ግን ለምን ከትልቁ ይጀምሩታል?»

«የጂጂ አባት፣ ትራንስፎርመር ላይ የተለጠፈውን አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ ዣንጥላቸውን ጠበቅ አድርገው። «አደጋ ሁልጊዜ በትልቁ ነው የሚጻፈው።»

ከዚያ O ላይ ደረሱ። O ጉድጓድ ነው። ግቢው ውስጥ በአመድ ትልቅ O ያሰምራሉ፤ ልጆቹ ዱላቸውን እየጎተቱ ዳሩን ይዞራሉ። «ኢጆሌ፣ ሱታ! ልጆች፣ ቀስ! ዳር ዳሩን!» መሃሉን የረገጠ ሰምጧል። ለሰመጠ ልጅ ክፍሉ በሙሉ ያለቅሳል፤ ሟቹም አብሮ ያለቅሳል።

ጦሱ ቤታችን ገባ። ጂጂ ቦምቦሊኖ ስገዛላት መሃሉን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች ዳር ዳሩን በላች። የባለሱቋ የወይዘሮ የሺወርቅ ልጅ አማኑማ ጭራሽ ሽንት ቤት አልገባም አለ፤ ቀዳዳው O ነው።

«ልጄን ፈሪ አደረገችብኝ!» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ሱቃቸው በር ላይ ያገኙትን ወላጅ ሁሉ እያስቆሙ። «ፊደል እንዲማር ነው የላክሁት፣ ሞት ተምሮ መጣ! ቅዳሜ ተሰብስበን ሌላ አስተማሪ ይምጣልን እንላለን። አንተስ የጂጂ አባት፣ ምን ትላለህ?»

እኔ ሰው ማስቀየም ስለማልወድ ለሁሉም አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ አባራ። ባለቤቴ ደወለች።

«ጂጂ አንተ ጋ ናት?»

«የለችም። ባጃጁ አላደረሳትም?»

«አድርሷታል። ከአማኑ ጋር በር ላይ ነበሩ። አሁን የሉም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ስሮጥ የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችን ወንዲ ለአዲሱ ቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ያስቆፈረው ጉድጓድ። ሲሚንቶ ተወደደ ብሎ ሥራውን ካቆመ ሰነባብቷል። ላዩ ላይ ቆርቆሮ ጥሎበት ነበር፤ ቆርቆሮውን ንፋስ ይውሰደው ሰው፣ እሱ አንድዬ ነው የሚያውቀው። ለቲቸር ወርቅቱ ትቼው የኖርኩትን ፍርሃት ሁሉ ያኔ ደምሬ ፈራሁ። አያድርገውና፣ አያድርገውና እያልኩ እንደነበር የገባኝ የመንገዱ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ነው።

የወንዲ ግቢ ጋ ስታጠፍ አየኋቸው። ሁለቱም በሕይወት አሉ። አንድ ትልቅ ኩሬ የዝናብ ውኃ አቁሮ፣ እነሱ ዱላቸውን ጭቃው ላይ እየጎተቱ ይዞሩታል። ደስታዬ እግሬን አሳወረው፤ ጉድጓዱን ረስቼ፣ ውኃውን አቋርጬ ልጄን ላቅፍ በቀጥታ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ቁም!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ቆምኩ። አንድ እግሬ አየር ላይ ነው።

«አትርገጥ! O ነው!»

«ምን O? ውኃ እኮ ነው፣ የኔ እናት።»

አማኑ ዱላውን ወደ ውኃው ሰደደ። ዱላው ወረደ፤ ቀጥሎ እጁ እስከ ክርኑ ወረደ፤ ከዚያ ዱላውን ለቀቀው። ቀርከሃው ከአፍታ በኋላ ከመሃል ብቅ ብሎ ተንሳፈፈ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከመንገዱ ጋር ተስተካክሎ፣ ልክ ተራ ኩሬ መስሎ ተኝቶ ነበር። ዋና አልችልም።

በዳር በዳሩ ዞሬ ሁለቱንም በአንድ ክንድ አፈስኳቸው።

«እዚህ ማን አመጣችሁ?»

«የቤት ሥራ ነው» አለች ጂጂ፣ ቅር ብሏት። «ቲቸር ከሰፈራችሁ O ፈልጉና ዙሩት አለችን። የኛ ከሁሉም ይበልጣል።»

በቀጥታ ወደ ቲቸር ወርቅቱ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ገና አልተዘጋም ነበር። ስነግራቸው «አያድርገውና» አላሉም። የመጀመሪያ ጊዜ ነው። የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«የድስት ክዳን ነበር እኮ ያሰብኩት» አሉ። «የድስት ክዳን… ሰሐን… የባጃጅ ጎማ። ዋቆ፣ አምላኬ! በእጄ ልኬያቸው ነበር።»

ላጽናናቸው ፈለግሁ። ልጆቹን ወደ ጉድጓዱ ያወጧቸውም እሳቸው፣ ያተረፏቸውም፣ እኔንም ያተረፉኝ እሳቸው። ይሄን ሁሉ እንዴት በአንድ ትንፋሽ ይነገራል?

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተገኘን። ቲቸር ወርቅቱ የሉም። «አያችሁ፣ ፈርታ ቀረች» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። ትናንት የሆነውን ቤታቸው ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አይወጣም። ወደ መጨረሻው አንድ ወላጅ ገብቶ «ቲቸርን ወንዲ ጉድጓድ ጋ አየኋቸው» ሲል ሁላችንም ብድግ ብለን ወጣን።

እውነትም እዚያ ናቸው። በጉድጓዱ ዙሪያ የባሕር ዛፍ ችካል ተክለው ገመድ አዙረውበታል፤ ቡራዩ አይታው የማታውቀው ትልቅ O። ፊት ለፊታቸው ወንዲ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ዣንጥላቸው እንደ ሸንበቆ ይንቀጠቀጣል።

«ማዘር፣ ሰኞ አስደፍነዋለሁ አልኩ አይደል? ይሂዱ አሁን።»

«ሰኞ እስኪደርስ እዚህ እቆማለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ! ጥላዎን የሚፈሩ ሰው አይደሉ እንዴ? እኔን ግን አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራ!» አሉ ቲቸር ወርቅቱ። ጥርሳቸው ሲጋጭ ይሰማል። «ፈርቼ እኮ ነው የቆምኩት!»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ የሺወርቅ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው የሱቁን ወንበር ተሸክመው መጡና ቲቸር ወርቅቱ አጠገብ አስቀመጡት፤ እሳቸውም ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ወንዲ አንድ በአንድ አየን፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ስልኩን አወጣ። ሰኞ ሳይደርስ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት አፈር የጫነ መኪና መጣ።

ቲቸር ወርቅቱ ማስተማራቸውን ቀጥለዋል። የቤት ሥራ ግን መስጠት ፈርተዋል። Z መብረቅ መሆኑን ከወዲሁ ሰምተናል፤ ሰፈሩ በሙሉ በጭንቀት ይጠብቀዋል።

እኔ በበኩሌ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ታክሲ ስሄድ ኩሬውን ሁሉ ዳር ዳሩን እዞራለሁ። ሳላስበውም ጣቴ ይነሣና አየር ላይ ትልቅ O ይጽፋል። በቀደም ከኋላዬ የመጣ ጎረምሳ፣

«ፋዘር፣ ምን ሆነው ነው? ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም እኮ!» አለኝ።

«ይሁን ልጄ» አልኩት። «አያድርገውና፣ መሃሉን ስረግጥ ቲቸር ቢያዩኝስ?»