ቁጥር የሌለው መቀስ

ያየው ዕቃ ላይ ሁሉ የንብረት ቁጥር ካልለጠፈ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከመቱ ብዙ በማትርቅ ከተማ፣ እኅቴ ለትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን በተኛችበት ሆስፒታል ገጥሞኛል። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ታደሰ በጭቃ ጫማቸው ኦፕራሲዮን ክፍል ዘው ብለው፣ ከጀርም እንዲጸዳ የተቀቀለውን መቀስ ከመጠቅለያው አውጥተው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በሙጫ ለጠፉበት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሆድ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው» አለች ነርሷ።

«እዚያው ቢቀርስ፣ የማን ንብረት ሊባል ነው?»

ሙጫና አቧራ የነካው ቁስል እንደሚያመረቅዝ ለማወቅ ሐኪም መሆን ያስፈልጋል? እኅቴ በሕመም እየተንቆራጠጠች መቀሱ እንደገና ተቀቀለ፤ ወረቀቱም ተላጠ። ጋሽ ታደሰ ሙጫቸውን ይዘው ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆሜ ስለነበር የኦፕራሲዮን ክፍሉን በር በጀርባዬ ዘጋሁት።

«ንብረት ልመዝግብ እንጂ» አሉኝ።

«መጀመሪያ እኅቴ ተሰፍታ ትውጣ» አልኳቸው።