የሁለቱም ቡድን ደጋፊ

ዓይነ አፋር ሰው ከዚህ ዓለም የሚመኘው ጥግ ብቻ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጥግ፣ ሰርግ ቤት ጥግ፣ ክፍል ውስጥ ጥግ። እኔ ከፊቴ በምትቀመጠው ልጅ ትከሻ ተከልዬ ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ በጥግ ጉዳይ እመኑኝ። ጥግ የሌለው ቤት ካለ ኳስ ማሳያ ቤት ነው። እኛ ሰፈር፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ቦታ፣ ያለው የጋሽ ተሾመ ቤት ደግሞ ይባስ ብሎ በሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። የሚገባ ሁሉ እንደ ተቀያሪ ተጫዋች ከእግር እስከ ራስ ይታያል። ሴት ከሆነች ሁለቴ ትታያለች።

እዚያ የሚሰበሰቡት ወንዶች ሁሉ ለኳሱ ብለው የሚመጡ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ቤቲንግ ቆርጦ ነው። አንዱ ከሚስቱ ተኳርፎ ነው። አንዱ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ጣሪያ አጥቶ ነው። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለቃው ላይ ያልጮኸውን ጩኸት ዳኛው ላይ ሊጮህ ነው፤ ዳኛ አይሰማም፣ ከሥራም አያባርርም። እናቴ ይዛው የገባችውን ምክንያት ግን ከእሷ በፊት ይዞ የገባ ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሰይድ ከአረፋ በፊት “ሥራ ልፈልግ” ብሎ ከቤት ወጣ። ወዴት እንደሆነ አልተናገረም፤ ደግሞስ ማን ይናገራል? ወሎ ውስጥ ጎረምሳ በጠዋት ተነስቶ እናቱን ያለ ምክንያት ከሳመ ወዴት እንደሚሄድ የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። መጨረሻ የደወለው ልጆቻችን ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት ከሚከማቹባት ጎረቤት አገር ነበር። “ደህና ነኝ እማ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው” አላት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ያቺ ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት እንደማይቻል ትነግራታለች። እናቴም “እሺ ልጄ፣ ነገ እሞክራለሁ” ትላታለች።

እንግዲህ ዘንድሮ የጎረቤት አገሮች ዋንጫ የተዘጋጀው በዚያችው አገር ሆነ። ዋልያዎቹ የመጀመሪያውን ጨዋታ በተጫወቱ ማግስት ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ከድር፣ የሰይድ አብሮ አደግ፣ እናቴ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥበት ቦታ ድረስ እየበረረ መጣ።

“እማ ዘይነብ! ሰይድን አየሁት! ወላሂ አየሁት! ቴሌቪዥን ላይ፣ ተመልካቹ መሀል፣ ባንዲራ ትከሻው ላይ ጥሎ!”

እናቴ የያዘችው ቃሪያ ከእጇ ወደቀ። “ደህና ነው?”

“ኧረ እየዘለለ ነው!”

ያን ቀን እናቴ “እየዘለለ” የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ ስታገላብጣት ዋለች። የሚዘል ሰው የታመመ አይደለም። የሚዘል ሰው ምሳውን የበላ ነው። ደግሞ ሰይድ ኳስ ካለበት እንደማይቀር እኛም እናውቃለን። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መድኃኒት እንዲያመጣ የተላከው ሰይድ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አግኝቶ፣ መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሁለት ጎል አግብቶ ነው የተመለሰው። “አባቴ አልተቆጣም፤ ማን አሸነፈ ብሎ ጠየቀኝ” ይል ነበር።

ስልክ ላይ ፈልጋችሁ ለምን አላያችሁትም የምትሉኝ አላችሁ። ፈልገናል። ጎሎቹ ብቻ ተቆርጠው ተለቀዋል። የሚዘለውን ሰው ማን ይጭነዋል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ቀን እናቴ ጎመኗን በማዳበሪያ ሸፍና፣ የዒድ ሻሿን አስራ፣ እጄን ይዛ ወደ ጋሽ ተሾመ ቤት ሄደች። “የኔ ዓይን ከሩቅ አይለይም፤ ያንቺ ደህና ነው” አለችኝ። ዓይኔ ያን ቀን ብቻ ፈዝዞ ቢገኝልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“ዘይነብ! ምን እግር ጣለሽ?” አሉ ጋሽ ተሾመ።

“ኳስ ላይ ነው ጋሼ።”

“ኳስ?”

“ምነው፣ ለወንድ ብቻ ነው እንዴ የወረደው?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ከፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት፤ ከዚያ በታች ካወረድኩት እናቴ የፈለገችው ዓይኔ ይጋረዳል።

ለካ ቴሌቪዥን ሰውን የሚያሳየው በስስት ነው። ኳሱን ደጋግሞ፣ ከላይ፣ ከጎን፣ በዝግታም ሳይቀር ያሳያል፤ ሰውን ግን ብልጭ አድርጎ ይነጥቃል። በደንብ የሚያሳየው ጎል ሲገባ እንደሆነ የገባኝ የፊተኛውን ቀን ጎል በእረፍት ሰዓት ሲደግሙት ነው። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና መዳፎቿን ዘረጋች።

“ያረቢ፣ ጎል አግባልን።”

“ለማን?” አልኳት በሹክሹክታ።

“ለማንስ ቢሆን!”

ያ ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ዜሮ ለዜሮ ሰውን እንዲህ እንደሚጎዳ ያን ቀን አወቅሁ።

ዋልያዎቹ እየተጎተቱ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፤ የደረሳቸው ባለሜዳው ቡድን ነበር። ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል፤ ለእኛ የደረሰን መሀል ያለው አግዳሚ ነው። ገና ከመጀመሩ ባለሜዳዎቹ አገቡብን። ጋሽ ተሾመ ቤት እንዲህ ጭጭ ሲል ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ዝምታ መሀል አንዲት ሴት ተነስታ ቆመች።

“አልሐምዱሊላህ! እዪ ልጄ፣ እዪ!”

አየሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ይዘላሉ። ሰይድ የለበትም። ከኋላዬ ግን ሰማይ ተደፋ።

“ኧረ እኚህ ሴትዮ የማን ናቸው?”

“ሰላይ ገብቶብናል ጎበዝ!”

“ጋሽ ተሾመ፣ ፓስፖርታቸውን ይዩልን!”

እስከዚህ ድረስ ሳቅም ነበረበት። ቤቲንግ የቆረጠው ሰውዬ ግን አልሳቀም። “አገር ሲያዝን ደስ የሚለው ሰው ከእኛ ጋር አይቀመጥም። ይውጡ!” አለ።

ጋሽ ተሾመ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱና ወደ እናቴ ዞሩ። “ዘይነብ፣ ምንድን ነው ነገሩ?”

እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ከገበያተኛ ጋር ስትከራከር ከመንገዱ ማዶ የምትሰማው እናቴ! ሁሉም ያያታል። እኔ አስተማሪ ፊት እንኳ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ የማውቀውን መልስ ሁሉ ይዤው ነው ስምንተኛን የጨረስኩት። እንዴት እንደቆምኩ አላስታውስም።

“ወንድሜን ነው የምትፈልገው” አልኩ። “እዚያ አገር ነው የጠፋው። ጎል ሲገባ ሰዉን ያሳያሉ።”

ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። አስፈላጊም አልነበረም። “ይውጡ” ያለው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከእረፍት በኋላ የእኛዎቹ አገቡና አቻ ሆንን። ወንዱ ሁሉ ዘለለ፣ ተቃቀፈ፣ አግዳሚ ተገለበጠ። እናቴና እኔ ያየነው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ደስታቸው በረድ ሲል አንድ በአንድ ትዝ አልናቸው። “ይቅርታ እማማ… ረስተን እኮ ነው…” እያሉ ተቀመጡ። እናቴም “አብሽሩ፣ እሰይ ደስ ይበላችሁ” አለቻቸው፤ ዓይኗ ግን እዚያው ነው።

ሊያልቅ ሲል ባለሜዳዎቹ ሁለተኛ ደገሙን። ዋልያዎቹ ከውድድሩ ወጡ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት አንድም ሰው አልቆመም፤ አንድም ሰው ራሱን ይዞ አልተንቆራጠጠም። ከኋላ እስከ ፊት ጎንበስ አሉላት። አገራቸው እየተሸነፈች አንገታቸውን ደፍተው ለእናቴ መንገድ ለቀቁ። ቴሌቪዥኑ የሚዘለውን ሰው አሳየን፣ ደግሞ አሳየን።

ሰይድ የለም።

ቀሪዋ ፍጻሜው ናት። እናቴ ከዚያ በኋላ ካሜራው ወደዚያ አገር እንደማይመለስ ገብቷታል። ዋልያዎቹ ከወጡ ማን ያየዋል ሲባሉ ጋሽ ተሾመ “ዘይነብ ታየዋለች” ብለው ቃል ገቡላት። በቀኑ ግን ደሴ መብራት ጠፋ። ጋሽ ተሾመ ባዶ ቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ ራሳቸው እንዳጠፉት ሁሉ፣ ይቅርታ ሲሉን ከድር ባጃጁን አቁሞ “ኮምቦልቻ አለ አሉ” አለ። ሦስታችን ሚኒባስ ያዝን።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ፊቱ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። “ስሚ… እኔ እኮ የመሰለኝን ነው ያልኩት። ብልጭ ብሎ ነው ያለፈው። አሁን ሳስበው…”

እናቴ ከመስኮቱ ፊቷን ሳትመልስ፣ “ሰምቼሃለሁ ከድርዬ” አለች። “የሚመስለውም ይሁን። የሚመስለውን ልየው።”

ኮምቦልቻ ስንደርስ ከድር ቀድሞን ወርዶ ኳስ ማሳያ ቤት ያፈላልግ ጀመር።

የኮምቦልቻው ቤት የሞላው ቱታ በለበሱ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበር፤ የእንግሊዝ ኳስ ያያሉ። ከድር ፍጻሜውን እንዲከፍትልን የቤቱን ባለቤት ቢለምነው “ያንን ማን ያየዋል? እነዚህ ከፍለው ነው የተቀመጡት” አለ። ከድር እናቴን እያሳየ ታሪኩን ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ፊት የተቀመጠ ግዙፍ ሰውዬ ወደ ኋላ ሳይዞር “ቀይረው” አለ።

“ምን?”

“ቀይረው አልኩህ። የኔም እህት ከዚያች አገር ደውላ ነው ድምጿ የጠፋው።”

“የኔ ያጎቴ ልጅ…” አለ ሌላው።

“ሁለቱም ወንድሞቼ” አለ ከጥግ አንድ ድምፅ። ለካ ያ ቤት ጥግ ነበረው።

ተቀየረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? አንዷ ስታለቅስ ሁሉም የሚያለቅስለት ሰው አላጣም። እንዲህ ዓይነት የኳስ ተመልካች አይታችሁ አታውቁም። ኳሱ መሀል ሜዳ ሲሆን ይዛጋሉ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ሲጠጋ ከወንበራቸው ይነሳሉ።

“ያችን ሻሽ ያሰረችውን! ያችን!”

“አለፈች በቃ።”

“ኧረ ይሄ ካሜራማን! ኳሱ ምን ያደርግልናል?”

ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ካሜራው አንድ ልጅ ላይ ቆመ። የእኛ ቡድን ከወጣ ቢቆይም ባንዲራችንን ትከሻው ላይ ጥሎ ይዘላል። ከድር ክንዴን ጨመደደው። “ያውና! ያየሁት እሱን ነው!” ቤቱ ሁሉ ከልጁ ወደ እናቴ ዞረ። ከሩቅ ሲታይ ግንባሩም፣ ጆሮውም የሰይድ ነው። ሲስቅ ግን ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ሰይድ የፊት ጥርሱ የተሰበረ ነው። እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ሁለት እርምጃ ቀርባ፣ ልጁን ወስደው ኳሱን እስኪመልሱት ድረስ አየችው።

“እሱ አይደለም” አለች። ተመልሳ ተቀመጠች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣ “እናቱ እያየችው ይሆን?” አለች።

ግዙፉ ሰውዬ የቱታውን እጅጌ ዓይኑ ላይ አሳለፈና ሙቀቱን ተሳደበ።

ዋንጫው ሲሰጥ፣ ወረቀቱ ሲበተን፣ ሙዚቃው ሲጮህ ማንም ከቤቱ አልወጣም። ሕዝቡ ከወንበሩ እየተነሳ በየበሩ ሲፈስ፣ ሜዳው ዙሪያ ባዶ እስኪሆን ድረስ እያንዳንዷን ራስ ስናይ ቆየን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የደሴ ሚኒባስ አገኘን። ሾፌሩ ከድርን ያውቀዋል። በመስታወቱ እያየን “ፍጻሜውን አይታችሁ ነው? ማን በላው?” አለ።

ከድር እኔን አየኝ። እኔ ከድርን አየሁት። ስንት ለስንት? ማን ለማን? ሁለታችንም አናውቅም።

“እኛ ስንወጣ” አለች እናቴ፣ “ሰዉ ወደየቤቱ እየገባ ነበር።”

ሾፌሩ እንዲህ ያለ ውጤት ሰምቶ ስለማያውቅ ማርሹን ቀይሮ ዳገቱን ተያያዘው።