ደመወዙ ብቻ ጡረታ የወጣ ዘበኛ

ፓርክ ባለበት አገር ሁሉ ጡረታ አልወጣ ያለ አንድ ጡረተኛ አይጠፋም። መንግሥት ጠመንጃውን ተረክቦ፣ እጁን ጨብጦ፣ «ከእንግዲህ ይረፉ» ብሎ ያሰናብተዋል። በማግስቱ ማለዳ እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ ይገኛል።

የኦልኬሪ ፓርክ ጡረተኛ ክቡር ካሳይኔ ኦሌ ቲፓፔ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ፤ ከተሰናበቱ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ብብቱ የተተረተረ አረንጓዴ ሹራባቸውን ከቀይ ኩታቸው ላይ ደርበው ሲዞሩ ይውላሉ። ከመንገድ የወጣ የቱሪስት መኪና ካዩ ዱላቸውን አንስተው ፊት ለፊቱ ይገተራሉ። «ይሄ ሣር ስንት ጊዜ ይብቀልልህ?» ይሉታል ሾፌሩን። ሰርግ የጠራቸው ሰው ድግሱ የበሰለበት ግራር የስንት ዓመት ዛፍ እንደነበር ሳይጠየቅ አይቀርም። ስለዚህ የሚጠራቸው ጥቂት ነው። እሳቸው ግን ሳይጠሩም ይሄዳሉ።

የአካባቢው ሹም ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሬሲያቶ እኚህን ሰው ዘጠኝ ዓመት ችላለች። በየስብሰባው መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ኩታውን እያራገፈ ሲነሣ፣ ከኋላ አንድ ጉሮሮ ይጠረጋል። «ይመዝገብልኝ» ይላሉ ክቡርነታቸው፤ ከዚያ የዱር እንስሳት ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ፣ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወርዱታል። የዝሆን መተላለፊያ አይታረስም፤ አይታጠርም፤ ሕዝብ ሳይመክርበት ለማንም አይሰጥም። በመጀመሪያው ዓመት ሬሲያቶ አንድም ቃል ሳታስቀር ጻፈች። በሁለተኛው እጇ ዛለ። ከሦስተኛው ጀምሮ በየቃለ ጉባኤው ግርጌ አንዲት መስመር ብቻ ታሰፍር ጀመር፦ «አቶ ካሳይኔ እንደተለመደው ተናገሩ።»

አንድ ቀን ከናይሮቢ የአቮካዶ እርሻ ሰዎች መጡ። የሚፈልጉት በፓርኩና በኮረብታዎቹ መካከል ያለውን፣ ዝሆኖቹ በበጋ ወደ ውሃ የሚወርዱበትን ሜዳ ነው። ስብሰባ ተጠራ፤ ፍየል ተጠበሰ፤ ለስላሳ በሣጥን ወረደ። ምግብ የሚሰጠው ስብሰባው ላይ መገኘቱን ወረቀት ላይ ለፈረመ ነው። አርባ ሰው ፈረመ። ካሳይኔ አልፈረሙም።

«ኧረ ፓፓ፣ መምጣትዎን ይፈርሙ፤ ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው» አለቻቸው ሬሲያቶ።

«መምጣቴንማ አንቺም አየሽ። ወረቀቱ ራስጌ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን ማን አየ?»

አርባው ሰው አጥንት እየጋጠ ሳቀባቸው። በሦስተኛው ወር ያው ወረቀት ራስጌው ላይ «የስምምነት ፊርማ» ተብሎ ተጽፎበት ተገኘ። ሳቁ ቆመ፤ አጥሩ ግን ተጀምሮ ነበር።

ካሳይኔ ከሰሱ። በችሎቱ ላይ የእርሻው ጠበቃ የሬሲያቶን ቃለ ጉባኤ ከፍቶ አነበበ። ዳኛዋ «እንደተለመደው ተናገሩ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጠበቃው ዓይኑን ሳያሽ «እንደ ሌላው ሰው ደገፉ ማለት ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ።

ሬሲያቶ ከኋላ ወንበር ተነሣች።

«ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። እንደተለመደው ማለት እምቢ አሉ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት እምቢ ሲሉ ሰምቻለሁ። መጻፍ ሰልችቶኝ ነው።»

በሳምንቱ ሹሙ የቢሮዋን ቁልፍ ተቀበላት። ፍርዱም መጣ፤ ፍርድ ከተባለ። እርሻው ይቀጥል፤ ከአጥሩ ላይ ግን ሁለት መቶ እርምጃ ለስድስት ወር ክፍት ይሁን። ዝሆን ካለፈበት እንደተከፈተ ይቀራል፤ ካላለፈበት ይዘጋል። ቆጣሪው አቶ ካሳይኔ ይሁኑ።

ሬሲያቶም ሥራ ፈትታ ስለነበር ደብተር ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ግን የትራክተሩ ጩኸትና የእርሻው መብራት ባለበት የትኛው ዝሆን ይምጣ? አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። በደብተሩ ላይ የሰፈሩት ጅብ፣ ከርከሮ፣ እንዲሁም ባለቤቷ ያልታወቀች ፍየል ናቸው። በስድስተኛው ወር፣ ቀኑ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሬሲያቶ ብዕሯን አነሣች።

«ፓፓ፣ ሦስት ዝሆን አለፈ ብንልስ? ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ።»

«እኛማ የዝሆኖቹ ወገን ነን።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ደብተሩ ላይ አጋደሙ። «አርባ ሰው ያላለውን አለ ብለው ጻፉ። እኛ ደግሞ ዝሆን ያላደረገውን አደረገ ብለን እንጻፍ? ከዚያ ወዲያ ዳኛዋ ፊት ቆሜ እነሱን ሌባ የምለው በየትኛው አፌ ነው?»

«እርስዎ አፍዎን ሲጠብቁ ሜዳው ይዘጋል።»

«ይዘጋል» አሉ ካሳይኔ። «አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ሬሲያቶ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ጥላ ሄደች። ሦስት ቀን አልተመለሰችም። ደረቅ ሽማግሌ፣ ግትር፣ የራሱን ንጽሕና ከዝሆን የሚያስበልጥ እያለች ላገኘችው ሁሉ አማቻቸው። ከሁሉ ያናደዳት ልክ መሆናቸው ነው። በአራተኛው ቀን ሻይ በወተት አፍልታ፣ በቴርሞስ ይዛ ተመለሰች። እሳቸውም ደብተሩን ሰጧት።

ቀኑ ሞላ፤ ሽቦው ተሳበ። ሠራተኞቹ በግማሽ ቀን ጨረሱት። ካሳይኔ «ይመዝገብልኝ» አላሉም፤ የሕጉን አንቀጽም አልጠሩም። ሬሲያቶን ያስፈራት ይሄ ነው።

ከተዘጋ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ዝሆኖቹ መጡ። ድርቁ ኮረብታው ላይ ጠንቶባቸው ኖሮ አሮጊቷ ዝሆን እየመራቻቸው በቀጥታ ወደ ውሃቸው ወረዱ፤ ከዚያ ሽቦው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አልጮኹም፤ አልገፉም። ሰው ሌላ የቆለፈበትን የገዛ ቤቱን እንደሚያይ ቆመው አዩት።

ካሳይኔ በዱላቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። ሬሲያቶ ለማን እንደምትጽፍ ሳታውቅ ቀኑን አሰፈረች፤ ቀጥላም «አሥራ አንድ ዝሆን» ብላ ጻፈች።

«ግልገሏን ቆጠርሻት?» አሉ ሽማግሌው።

«የቷን? አላየኋትም።»

«ካላየሻትማ አትጻፊ። ተነሺና እይ።»

ተነሣች። አቧራው ውስጥ፣ በእናቷ እግሮች መካከል፣ አንዲት ትንሽ ኩምቢ ወጣ ገባ ስትል ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ተቀመጠችና፣ አሥራ አንድ የሚለውን ሰርዛ አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች።